ሰላም ያላሉ አሥራ ሁለት ሰዎች

ቬርና ላድነር የሞላ ጋሪዋን መደብሩ መሀል ጥላ ወጣች። ኢርማ ኔኬዝ ይህን ያየችው የጉሮሮ ከረሜላ የሚደረደርበት ጥግ ቆማ ነው፤ በአንድ እጇ የልጅ ልጇን ታሊን፣ በሌላው ባለ ጎማውን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዛ። ቬርና በወተቱ ማቀዝቀዣ በኩል ስትታጠፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ኢርማ ደህና አደርሽ ልትል አፏን ስትከፍት የቬርና ፊት ጭልም አለ፤ እጇን ከጋሪው ላይ አነሳችና እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች፣ በመውጫው በር ወጥታ ሄደች። ኢርማ ጋሪውን ቆማ አየችው። ዳቦ፣ ቋሊማ፣ የውሻ ምግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ባልዲ አይስክሬም። ቬርና ይህን አይስክሬም ዋጋው ካልወረደ የማትነካ ሴት ናት። በዚህ ሳምንት ከስድስት ዶላር ወደ አራት ወርዷል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውም ጥቂት ነው። እሱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የሆነ ነገር ሸሽቶ እንጂ ረስቶ አይደለም። ታሊ ወደ ጋሪው እያየች፣ "እማማ፣ ሊቀልጥ ነው እኮ" አለች።

እኛ ፓስ ላሩ ውስጥ ሰላምታን እንደ ቀልድ አናየውም። ሚሲሲፒ ባሕር ዳር የተደረደርን ጥቂት ሰዎች ነን፤ ግማሻችን ሽሪምፕ አጥማጅ፣ ግማሻችን የአጥማጅ ሚስት ወይ እናት። መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ ከፊቱ ለሚመጣው አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ሳያነሳ አያልፍም። በአባታቸው ጀልባ የተካሰሱ ወንድማማቾች ስንት ዓመት ተኮራርፈው ሲኖሩ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግን ደህና አደርክ ይባባሉ ነበር። የሚያውቁትን ሰው ዓይን ለዓይን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ፣ ከእንግዲህ አላውቅህም እንደማለት ነው። ቬርና ደግሞ በመዘምራኑ መሀል ከኢርማ ጎን የምትቆም ሴት ናት። ኢርማ ድምፁ አልወጣ ሲላት የእሷንም ጨምራ የምትዘምርላት እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽሪምፕ ማራገፊያው ጎን ያለው የበረዶ ፋብሪካ ባለፈው ዓመት በረዶውን የሚያቀዘቅዘው መርዛማ ጋዝ፣ የአሞኒያው፣ ቱቦ ፈነዳ። ነጩ ጋዝ መንገዱን ሲሸፍነው ታሊ አጥሩ ሥር የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጊት እያረፈች ነው። ፋብሪካው ጋዙ ከአጥሬ አላለፈም፣ ልጅቷም ድሮ ደረቷን ያማት ነበር ብሎ ካደ። የታሊ እናት ቴክሳስ ናት፤ በሕግ አሳዳጊዋ ኢርማ ስለሆነች የከሰሰችውም እሷ ናት። ከተረታች የሳንባ ሐኪሙንም፣ ማሽኑንም፣ ከፍ ስትል ያስፈልጋታል የተባለውን ቀዶ ሕክምናም የሚከፍልላት የለም። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ስንት ዘመን ልትቆይላት ነው? ኢርማ ይህንን እያሰበች ነው የምትተኛው፣ ይህንኑ እያሰበች ነው የምትነሳው።

እና ትናንት ከአውራጃው ሕዝብ በዕጣ ከተጠሩት መሀል አሥራ ሁለት ሰዎች ለጁሪነት ተመረጡ። እውነቱ የማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ካሳ እንደሚከፈልም የሚፈርዱት እነሱ ናቸው፤ ዳኛው ሥርዓቱን ያስከብራሉ እንጂ በዚህ አይገቡም። ኢርማን የሚያውቅ ሁሉ ይውጣ ቢባል አዳራሹ ባዶ ይቀር ነበር፤ ከፋብሪካው በረዶ የሚገዛ ሁሉ ይውጣ ቢባልም ያው ነው። ስለዚህ ቬርናም ገባች፣ ኢርማ አብራው የተማረችው ኦዲ ሶሲየርም ገባ፣ ሌሎቹም። ሲማሉ ኢርማ ልቧ ሞልቶ ነበር። ወዲያው ዳኛው ለአሥራ ሁለቱ ረዘም ያለ ማሳሰቢያ መስጠት ሲጀምሩ ታሊን ሳል ያዛት፤ ኢርማ አቅፋት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስትመለስ ሰው ሁሉ ለመሄድ ተነስቶ ነበር፤ የተባለውንም አልሰማች። ዳኛው ግን ከወንበራቸው ሆነው አዩአቸው፤ ትንሿ ልጅ ደህና ሆነች ወይ ብለው ጠየቁ፣ ለነገ ትራስ ይዘጋጅላት ብለው ለፖሊሱ አዘዙ። ነጭ ጸጉር ያላቸው፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። ኢርማ ማታ ይህንን ለልጇ ለሮይስ ሦስት ጊዜ ነገረችው።

ሮይስ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ የሚሠራው ደግሞ እዚያው በረዶ ፋብሪካ፣ መጫኛው ላይ ነው። ክሱ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ክሱ አይወራም። ስለ ዝናብ ይወራል፣ ስለ ሽሪምፕ ዋጋ ይወራል፣ ስለሚያንጠባጥበው የኩሽና ቧንቧ ይወራል። ከመደብር ሲመለሱ ሮይስ ጠባቧ ኩሽና ውስጥ፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጦ፣ የበቆሎ ገንፎውን ይበላ ነበር። ኢርማ የታሊን ልብስ እየተኮሰች የቬርናን ነገር ነገረችው። ማንኪያው አፉ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ጎረሰ። ኢርማ ሸሚዙን ገለበጠችና ካልሲውን ደግሞ መተኮስ ጀመረች፤ ካልሲ እንደማይተኮስ እያወቀች። ምን ሆና ይመስልሃል ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ።

"ባሏ ትናንት በረዶ ሊጭን መጥቶ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲያወራ አይቼዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

"ምን ያወራሉ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እማ። ሰው ያወራል።"

ሳህኑን አጥቦ ወጣ። ሰው ያወራል ያለውን ኢርማ ይዛው ቀረች። ሁልጊዜ በረዶ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ቢያወራ ምን ይገርማል? አይገርምም። ግን አንዴ የገባ ፍርሃት የማይገርመውንም ይለቅማል። ታሊን ስታለብሳት የልጅቷ የጎድን አጥንት በጣቷ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል፤ ትንፋሿ መጨረሻው ላይ እንደ ፌስታል ኮሽ ይላል።

ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ድልድዩ ላይ የኦዲ ሶሲየር አሮጌ ፒክአፕ ከፊታቸው መጣ፤ የረሳው ነገር ኖሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስላል። የማታውቀው መኪና አይደለም፤ አንድ መብራቱ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ኢርማ ጣቷን ከመሪው ላይ አነሳች። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ መኪኖቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ የኦዲ ፊት በመስኮቱ በኩል ልክ እንደ ፎቶግራፍ አለፈ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀው ሰው፣ ሲጋራ የሰረቀበትን ቀን የምታውቅበት ሰው። ከኋላ ታሊ ዘፈን ታንጎራጉር ነበር፤ ሲያልቅባት ትንፋሿን ጠብቃ ትቀጥላለች። ኢርማ ድልድዩን ከጨረሱ በኋላም ጣቷን ወደ መሪው መመለስ ረስታ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ሊፍት ትንሽ ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ያቃስታል። ሲደርሱ ገና ክፍት ነበር፤ ውስጡ አምስት ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ደረታቸው ላይ የጁሪውን ምልክት ለጥፈው ቆመዋል። ኢርማ ሲሊንደሩን እየጎተተች፣ ታሊን እያስቀደመች፣ አንዴ ቆዩን ብላ ፈጠን አለች። አንዲት ሴት አየቻቸው። አይታቸውም ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ከጎኗ ያለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ አዝራሩን ተጫነ፤ በሩ እያቃሰተ በልጅቷ ፊት ተዘጋ።

"እማማ፣ አላዩንም እንዴ?" አለች ታሊ።

"አላዩንም" አለቻት።

ደረጃውን ወጡ። ታሊ ሁለት ጊዜ አረፈች፤ ሁለተኛው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯ ትንሽ ሰማያዊ ሆነ። ኢርማ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፋው ቆማ፣ ከላይ ሰዎች ሲራመዱ፣ ወንበር ሲስቡ፣ የሆነ ሰው ሲስቅ ትሰማ ነበር። ያ ሳቅ ውሳኔዋን ቆረጠላት። ልጅቷን ደረጃ ላይ ጥለዋት የሚስቁ ሰዎች ነገ ምን ብለው ይፈርዱላታል? አሥራ ሁለት ሰው ነው። ፋብሪካው ያላናገረው፣ ያላስፈራራው፣ ዘመዱን ያልቀጠረለት ማን አለ? ሮይስ እንኳ አይደል እንዴ፣ የገዛ ልጇ፣ ቤቷ ቁጭ ብሎ አፉ የተዘጋ።

ጠበቃዋ ቲቦዶ ከአዳራሹ ጎን ባለች መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ይጠብቃት ነበር። ወፍራም፣ ክራቫቱ ሁልጊዜ ወደ ጎን የሄደ፣ ከታሊ ጋር የዓሣ ስም እየተጠያየቀ የሚጫወት ሰው ነው። ኢርማ ቁጭ ሳትል ነገረችው፤ ጁሪውን አልፈልግም፣ ዳኛው ብቻቸውን ይፍረዱ። ቲቦዶ መጀመሪያ የደከማት መሰለው፣ ውሃ አቀረበላት። ከዚያ ፊቷን አየና ወንበሩን ስቦ ተጠጋት። ይህ ሕገ መንግሥቱ የሰጣት መብት እንደሆነ፣ አንዴ ከተወችው እንደማይመለስ፣ እሱም ዓመት ሙሉ ለእነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች ብሎ እንደተዘጋጀ አስረዳት። የፋብሪካው ጠበቃ ሁለት ጊዜ ደውላ ጁሪው ይቅር ማለቷንም ነገራት።

"እነሱ ለምን የፈለጉት ይመስልዎታል፣ ሚስ ኢርማ?" አላት። "እስቲ እሱን ያስቡት። ዳኛውም እኮ ሰው ናቸው። ለዳኝነት በተወዳደሩበት ምርጫ ስማቸው የተለጠፈው የማን አጥር ላይ እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ።"

ኢርማ ታውቃለች፤ በዚያ የፋብሪካ አጥር ሥር ለወራት አልፋለች። ግን አጥር ላይ የተለጠፈ ስምና ለልጅቷ ትራስ ያዘዘ ሰው እኩል አልመዝን አሏት። ቲቦዶ ማን ምን አላት፣ ከጁሪው ያስፈራራት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። የቬርናን ስም ብታነሳ ዳኛው ይጠሯታል፣ ሰው ፊት ያቆሟታል፣ ምናልባትም ይቀጧታል። ቬርና ምንም ብትሆን አብራት የዘመረች ሴት ናት። ኦዲንም እንዲሁ። ሰው ስለፈራ እንዴት ይከሰሳል? "እኔ ከተማዬን አውቃለሁ" ብቻ አለችው። ቲቦዶ ሌላም ሌላም ተናገረ። ታሊ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ከረሜላዋን ጉንጯ ውስጥ እያንከባለለች ሁለቱንም ታያቸው ነበር። በመጨረሻ ክራቫቱን ለማስተካከል ሞከረ፣ ይብሱን አጣመመው፣ ወጣ።

የፋብሪካው ጠበቃ ሲነገራት አንድም ደቂቃ አላሰበችም። ተስማምተናል አለች፣ ቁጭ አለች፣ ብዕሯን ከደነች። ጁሪው ገና ከጎኑ ክፍል አልገባም። ዳኛው ኢርማን አስነስተው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፃቸው፣ ያስገደደዎት የለም ወይ፣ ቃል የገባልዎት የለም ወይ፣ በጁሪ የመዳኘት መብትዎን ለልጅቷም ለራስዎም ብለው በፈቃድዎ ትተዋል ወይ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቋት። እያንዳንዱን አዎ ወይም የለም ብላ መለሰች። "ካሁን በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ መመለስ አይቻልም፣ ወይዘሮ ኔኬዝ። ይህ ገብቶዎታል?" አሉ። ገብቶኛል አለች። አጠገቧ ቲቦዶ ጠረጴዛውን ያያል። ጸሐፊዋ እየጻፈች ነበር፤ የቁልፎቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ።

አሥራ ሁለቱ ገቡና ዳኛው አመስግነው አሰናበቷቸው፤ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ስለምናየው አገልግሎታችሁ አብቅቷል፣ ከማንም ጋር እንደፈለጋችሁ መነጋገር ትችላላችሁ ብለው። ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳኛው አጭር ዕረፍት ስላሉ ኢርማም ታሊን ሽንት ቤት ልትወስዳት ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ማንንም ላለማየት። ሁለት እጆች ከጎን መጥተው አቀፏት። ቬርና ነበረች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

"ኢርማዬ፣ አበድኩልሽ እኮ! ዳኛው ደህና አደራችሁ እንኳ እንዳትሉ፣ አንድ ቃል ካወጣችሁ ከጁሪው አስወጣችኋለሁ አሉን። ጠዋት ሳይሽ፣ ከአፌ ቢያመልጠኝስ፣ ከወንበሩ ቢያስነሱኝስ ብዬ ነው የሮጥኩት። አይስክሬሜን ጥዬ! ባሌ ሲሰማ ይገድለኛል።"

ከኋላዋ ኦዲ ሶሲየር ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ ቆሟል። ድልድዩ ላይ አንቺ ጣትሽን ስታነሺ የኔ ጣት እሳት የነካው ያህል ነው የተሰማኝ፣ በመስኮት ልጮህልሽ ምንም አልቀረኝም ነበር አለ። የሊፍቷ ሴት ታሊ ፊት በርከክ ብላ፣ ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ አብረን ብንገባ ዳኛው እኛን ነበር የሚያባርሩን እያለች ጉንጯን ትዳብሳለች። አሥራ ሁለቱም ከበቧት። አንዱ ሲጨርስ ሌላው፤ ሁለት ቀን የታፈነ ደህና አደርሽ ሁሉ በአንዴ ወረደባት። ኢርማ መሀላቸው ቆማ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ትዞራለች።

"እና ስንት ሰጧችሁ?" አለች ቬርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፈርተው ነው አይደል የታረቁት? እኛን ሲያዩ ፈሩ። እኔ እኮ ያ ጋዝ አጥሩን አልፎ ቤቴ ድረስ ሲመጣ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ቢጠይቁኝ አልደብቅም ነበር። የፋብሪካው ሰዎች ባሌ በረዶ ስለሚገዛቸው የኛ ናት ብለው ነው ጁሪው ውስጥ የተዉኝ።"

"አልታረቅንም" አለች ኢርማ። "ዳኛው ብቻቸውን ይፍረዱ ብዬ ነው።"

የቬርና እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እጁ አልነበረም። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ መጠየቁን ፈለገችው። ኦዲ ባርኔጣውን አደረገ።

ኢርማ ታሊን እዚያው ትታ ወደ አዳራሹ ገባች፤ ለዕድሜዋ በማይሆን ፍጥነት። ቲቦዶን በክንዱ ይዛ ይመልሷቸው አለችው፣ ገና ኮሪደሩ ላይ ናቸው፣ አልሄዱም፣ ተሳስቼ ነው አለችው። ቲቦዶ ተነስቶ ወደ ፋብሪካው ጠበቃ ሄደ፤ ሴትዮዋ እያዳመጠችው ፈገግ ሳትል ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀች። ዳኛው ሲገቡ እሳቸውንም ጠየቃቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለኢርማ በእውነት የሚያዝኑ በሚመስል ድምፅ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠይቄዎት ነበር አሉ። በመስኮቱ በኩል ከታች ካለው ማቆሚያ የመኪና በሮች ሲዘጉ ይሰማል፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው።

ከዚያ ታሊን ጠሯት። የምስክሩ ወንበር ላይ ትራሱ ተቀምጦላት ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ እግሯ መሬት አልደረሰም። ቲቦዶ ያን ቀን ጠዋት ምን እንዳየች ጠየቃት። ታሊ ሲያለማምዳት እንደከረመው ወደ ግራዋ፣ ወደ ጁሪው መቀመጫ ዞረች። አሥራ ሁለት ባዶ ወንበሮች ነበሩ፤ የአንዱ መደገፊያ ላይ ሰው የረሳው ሰማያዊ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፣ አያቷን አየች፣ ከዚያ ለሹራቡ መናገር ጀመረች።

"ነጭ ነበር" አለች። "እኔ ጉም መስሎኝ ነበር።"

"ወደዚህ፣ ልጄ። ለእኔ ነው የምትነግሪኝ" አሉ ዳኛው።

ታሊ ዞረች። ዳኛው ግን አቀርቅረው እየጻፉ ነበር፤ ለእሷ የሚታያት መሀሉ ላይ የሳሳው ነጭ ጸጉራቸው ብቻ ነው። ቀና እስኪሉ ጠበቀች። ኢርማም ጠበቀች። ብዕሩ ይሄዳል። ልጅቷ ትንፋሿን አጠራቀመች፣ አንዴ አረፈች፣ ከዚያም ለጸጉራቸው ከመጀመሪያው ጀመረች።